ዶሮዋ ኩርምት ካለች፦ መድኃኒት ቤት ከመሮጣችሁ በፊት

ወሰራዋ ዶሮዬ የሞተችው በእኔ ጥፋት ነው። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ ስድስት ዶሮዎች ነበሩኝ። አንድ ጠዋት ከቆጥ ስትወርድ እንደ ወትሮዋ አልተንደረደረችም። ላባዋን ነፍታ፣ ጅራቷን ጥላ ግድግዳ ሥር ኩርምት አለች። እኔም አጠገቧ እንኳ ሳልደርስ መድኃኒት ቤት ሮጥኩ። "ዶሮ ታመመችብኝ" አልኩ። ኦክሲ የሚሉት አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ። ምን ሆነች ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም የምመልሰው አልነበረኝም። ሦስት ቀን አጠጣኋት። በአራተኛው ቀን ሞተች። ጎረቤታችን ያሉ እናት ሆዷን ዳሰስ አደረጉና፣ "ልጄ፣ ይቺ እኮ ምጥ ላይ ነበረች" አሉኝ። ስንከፍታት ቅርፊቱ የጠነከረ ሙሉ እንቁላል መውጫው ላይ ተሰንቅሮ አገኘን።

ኦክሲቴትራሳይክሊን እንቁላል አያዋልድም። ግን ዛሬም እዚህ ባሕር ዳር ዶሮ የታመመችበት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኦክሲን ነው። እሱ ከጠፋ ከሰው ፋርማሲ የተገዛች የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ተከፍታ ውሃ ላይ ትበተናለች። የሚሠራበት ጊዜ የለም አልልም። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቅማል ነው፣ ትል ነው፣ የተሰነቀረ እንቁላል ነው፣ ጉሮሮዋ ሥር የተቋጠረ ቄጠማ ነው። እነዚህን ደግሞ በእጃችሁ ታገኟቸዋላችሁ።

ከዚህ በታች የጻፍኩት በቅደም ተከተል ነው። እኔ የከሰርኩት ቅደም ተከተሉን ዘልዬ ነውና አትዝለሉት።

መጀመሪያ ለዩዋት

ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች። ደከም ስትል ካዩዋት ሌሎቹ ይነቁሯታላ። ስለዚህ "ዛሬ ታመመች" ያላችኋት ዶሮ ሁለት ሦስት ቀን ያለፋት ልትሆን ትችላለች።

ትልቅ ካርቶን ፈልጉ። ጎንና ጎኑን ብሱት። ነፋስ በማይገባበት፣ ልጆችና ውሻ በማይደርሱበት፣ ደብዘዝ ባለ ቦታ አስቀምጡት። ውስጡ ጭድ ከማድረግ ይልቅ ለመጀመሪያው ቀን ጋዜጣ ወይም ነጣ ያለ ጨርቅ አንጥፉ። ምክንያቱን ኩሱ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ። ክረምት ከሆነ በሃይላንድ ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ ሙሉ፤ የፈላ ከሆነ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከጎኗ አድርጉ። የታመመች ዶሮ ጉልበቷን የምትጨርሰው ሰውነቷን በማሞቅ ነው። ሙቀት ካገኘች የቀረው አቅሟ ለሕመሙ ይተርፋታል።

ከዚህ በኋላ ሁልጊዜ ደኅነኞቹን ቀድማችሁ አብሉ፤ የታመመችውን መጨረሻ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጫማም ቀይሩ። ኩስ የረገጠ ጫማ በሽታውን ከቤት ቤት ያዞረዋል።

ቀጥሎ በእጅ መፈተሽ

ጥሩው ሰዓት ምሽት ነው። ዶሮ ሲጨልም ዝም ትላለች፤ መያዝ አያስቸግርም። ክንፎቿን ከሰውነቷ ጋር አድርጋችሁ በሁለት እጅ ያዟትና ጭናችሁ ላይ አስቀምጧት። ሌላ ሰው የስልክ መብራት ይያዝላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። "ትኩሳት አላት፣ ታቃጥላለች" የሚል ሰው በዝቷል። የጤነኛ ዶሮ ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ነው። እኛ 37 ነን። ስለዚህ ማንኛዋም ዶሮ በእጅ ስትያዝ ታቃጥላለች። በእጃችሁ ሙቀት አትለኩ።

ከአናቷ ጀምሩ። የአናቷ ቀይ ሥጋ ቀልቶ ነው ያለው ወይስ ገርጥቷል? ከገረጣ ብዙ ጊዜ ደም የሚመጥ ነገር አለ ማለት ነው፤ ውጭ ቅማልና ቁንጫ፣ ውስጥ ትል። ወደ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከሄደ ትንፋሿ ወይም የደም ዝውውሯ ተቸግሯል፤ ይሄ ከባድ ነው። ዐይኗ ላይ አረፋ አለ? አፍንጫዋ ይፈሳል? ፊቷ አብጧል? ማንቁሯን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ውስጡ ቢጫ የተጋገረ ነገር ካለ ልብ በሉ። አፍንጫችሁን ጠጋ አድርጉ። መጥፎ ሽታም መረጃ ነው።

ከዚያ ወደ አንገቷ ሥር ውረዱ። ደረቷ ከመጀመሩ በፊት፣ በቀኝ በኩል፣ የዋጠችው እህል የሚጠራቀምባት ከረጢት አለች። ማታ ሙሉ መሆኗ ጤና ነው። እርግጡን የምታውቁት ግን ጠዋት፣ ምንም ሳትቀምስ ስትዳስሷት ነው። ጠዋት ባዶ መሆን አለባት። ሌሊቱን አድራ እንደ ኳስ ከጠነከረች ታፍናለች። እንደ ውሃ ፊኛ ከተለወሰች እና አፏ የጎሸ አተላ ከሸተተ ደግሞ ውስጡ ኮምጥጧል።

አሁን የደረት አጥንቷን በጣቶቻችሁ መሐል አድርጉት። በደንብ ቆዩበት፤ ከፍተሻው ሁሉ እኔ በጣም የማምነው ይሄን ነው። አጥንቱ ግራና ቀኝ ሥጋ ካለው ሕመሙ ድንገተኛ ነው። እንደ ቢላ ስለት ጎልቶ ከወጣ ዶሮዋ ሳምንታት ስትከሳ ከርማለች፤ እናንተ ያያችሁት ዛሬ ነው። ላባ ስለሚሸፍነው በዐይን አይታይም። ለከሳች ዶሮ መጀመሪያ ትል ጠርጥሩ። ለድንገተኛዋ እንቁላል፣ መመረዝ ወይም ተላላፊ በሽታ።

ወደ ታች፤ በሁለቱ እግሮቿ መካከል ሆዷን በመዳፋችሁ ደግፉ። ለስላሳ መሆን አለበት። ጠንካራ ክብ ነገር ከተሰማችሁ እንቁላል ነው። በውሃ እንደተሞላ ከረጢት ካበጠ ሌላ ችግር ነው፤ በቤት ውስጥ አይድንም።

ጅራቷን ገልጣችሁ የፊንጢጣዋን ዙሪያ ተመልከቱ። ላባው በኩስ ተጣብቋል? በላባው ሥር ነጭ የተጋገረ ነገር እንደ ስኳር ተለጥፏል? የቅማል ቅጫም ነው። ክንፏንም ከሥር ገልጡ። በመጨረሻ እግሯ። ቅርፊቱ ተነስቶ ከሸከረ ጥቃቅን ነፍሳት ከሥሩ ገብተዋል። መዳፏ ላይ ጥቁር ቋጠሮ ካለ እሾህ ወይም ሚስማር ወግቷት መግሏል።

ኩሱን አንብቡ

ጋዜጣው ለዚህ ነው። ጤነኛ ኩስ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ አናቱ ላይ ነጭ ቆብ ያደርጋል። ነጩ ሽንቷ ነው። በቀን ጥቂት ጊዜ ደግሞ የሰናፍጭ መልክ ያለው፣ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ኩስ ትጥላለች። ሰው በዚህ ይደነግጣል። ጤነኛ ነው፤ ተዉት።

የሚያሳስበው እንዲህ ነው። ብሩህ አረንጓዴ ከሆነ ወይ ምግብ ካቆመች ሰንብታለች፣ ወይ ፈንግል ነው። ደም ካለበት፣ በተለይ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለ ጫጩት ላይ፣ ኮክሲዲያ የሚባለው አንጀት የሚያደማ ጥገኛ ተሕዋስ ነው ብላችሁ ተነሱ። በዚያ ዕድሜ ነጭ ውሃ የሆነ ተቅማጥ ከመንቀጥቀጥ ጋር ከመጣ ጉምቦሮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ተቅማጥ አዋቂ ዶሮ ላይ የዶሮ ታይፎይድን ያስጠረጥራል። ትል በዐይን ካያችሁ ምርመራው አልቋል።

ፎቶ አንሱት። እውነቴን ነው። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ከሺህ ቃል የዚያ ጋዜጣ ፎቶ ይሻላል።

ምንም ይሁን ምን፣ ውሃ

ሕመሙን ባታውቁትም ይሄን ስጧት። 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው የተስተካከለ ይሁን፤ አትቆልሉት። ከፋርማሲ የሚገዛው ኦአርኤስም ይሆናል። ራሷ ከጠጣች ግሩም ነው።

ካልጠጣች መርፌ የሌለው ትንሽ ሲሪንጅ ያዙ። እዚህ ላይ ብዙ ዶሮ ይሞታል። ከምላሷ ሥር ወደ ኋላ ስትመለከቱ የምትከፈትና የምትዘጋ ቀዳዳ ታያላችሁ። የአየር ቧንቧዋ ናት። አፏን በርግዳችሁ ውሃ ብትረጩባት ወደ ሳንባዋ ይገባል። ስለዚህ ጭንቅላቷን ቀጥ አድርጋችሁ በማንቁሯ ጎን ጠብታ ጠብታ አድርጉ። ትውጥ። ሌላ ጠብታ። በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አትስጡ።

ለምግብ በእንቁላል አስኳል የራሰ ፉርሽካ ሞክሩ። የዶሮ ሕመምተኛን በእንቁላል መቀለብ የሚያሳቅቃቸው አሉ። እሷን ግን አያሳቅቃትም።

እንቁላል ከተሰነቀረባት

ምልክቷን አሁን አውቃለሁ። ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ታምጣለች፤ ጎጆዋ ውስጥ ገብታ ባዶዋን ትወጣለች።

በሳፋ ሙቅ ውሃ አዘጋጁ። ሙቀቱ ሕፃን እንደምታጥቡበት፤ በክርናችሁ ለኩት። ዶሮዋን እስከ ሆዷ ድረስ ንከሯት፤ 15 ወይም 20 ደቂቃ። መጀመሪያ ትታገላለች፤ ከዚያ ዐይኗን ትጨፍናለች። እኔ በኋላ ያዳንኳት ቀይ ዶሮ ሳፋ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ውሃው ከቀዘቀዘ ጨምሩበት። ካወጣችኋት በኋላ በፎጣ በደንብ አድርቋት፤ እርጥብ ዶሮ በባሕር ዳር የጣና ነፋስ ሌላ በሽታ ታመጣለች። ፊንጢጣዋን በጣታችሁ የምግብ ዘይት ቀቡ። ሙቅና ጨለማ ቦታ አስቀምጧት። ከሰው ፋርማሲ የካልሲየም ክኒን ካገኛችሁ ሩቡን በውሃ አሟሙታችሁ ጠብታ ጠብታ ስጧት።

ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ሆዷን አትጫኑ። እንቁላሉ ውስጧ ከተሰበረ ቅርፊቱ ይቆራርጣታል። በ24 ሰዓት ካልወጣ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

እንዳይደገም የእንቁላል ቅርፊት አድርቃችሁና ደቁሳችሁ በየሳምንቱ ስጧቸው። የመኖ ሱቆች የሚሸጡት የኖራ ድንጋይ ዱቄትም ይሠራል።

ከረጢቷ ከታፈነች

የእኛ ሰፈር ትልቁ ምክንያት ቄጠማ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ከጣና ዳር የታጨደ ረዥም ቄጠማ ቤት ውስጥ ይጎዘጎዛል። በማግስቱ ተጠርጎ ጓሮ ይጣላል። ዶሮዎቹ ይሰለፉበታል። ረዥሙ ሣር አንዱ ከአንዱ ይጠላለፍና እንደ ገመድ ኳስ ይሆናል። የጆንያ ክርም እንዲሁ ነው።

ምግብ ለ12 ሰዓት ከልክሏት፤ ውሃ ግን አይቅር። አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት በጠብታ አውርዱላት። ከዚያ ከረጢቷን በጣቶቻችሁ ጫፍ፣ ሊጥ እንደምታሹ ሳይሆን ጥጥ እንደምትፈለቅቁ፣ አምስት ደቂቃ ያህል አሹላት። በቀን አራት ጊዜ። ሲለሰልስ ይሰማችኋል። ገልብጦ ማስተፋት የሚመክር ሰው አይጠፋም፤ አትስሙት። ስትተፋ ወደ ሳንባዋ ይገባል። በሁለት ቀን ለውጥ ከሌለ ሐኪም ቀዶ ያወጣዋል።

ለቀጣዩ በዓል ቄጠማውን ከመጣል በፊት በቢላ አሳጥሩት።

ደም የቀላቀለ ኩስ

የ45 ቀን ዶሮ ገዝታችሁ ካመጣችሁ፣ በክረምት፣ መሬቱ ረጥቦ፣ ይሄ ሳይጎበኛችሁ አይቀርም። ኮክሲዲያ የሚራባው አንጀቷ ውስጥ ነው፤ በኩስ የወጣው ዘሩ ግን እርጥበት ሲያገኝ ነው ሌላዋን ለመያዝ የሚደርሰው። መድኃኒቱ አምፕሮሊየም ነው፤ በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ በትንሽ ከረጢት ይሸጣል። ኦክሲ አይደለም።

20 ከመቶ የሆነው ዱቄት ለ1 ሊትር ውሃ ከ0.6 እስከ 1.2 ግራም ነው፤ እንደ ሕመሙ ክብደት። ጥንካሬው ይለያያልና የከረጢቱን ጽሑፍ አንብቡ። ቤት ውስጥ ግራም የሚለካ ሚዛን ያለው ማን ነው? እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። 30 ግራም የሚይዘውን ከረጢት ደረቅ ሳሕን ላይ ዘርግፌ በቢላ ጀርባ አሥር እኩል ክምር አደርገዋለሁ። አንዱ ክምር 3 ግራም ነው። 5 ሊትር ውሃ ውስጥ ስጨምረው 0.6 ይሆናል፤ 2.5 ሊትር ውስጥ ደግሞ 1.2። የቀሩትን እንደ በርበሬ ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ።

ከ5 እስከ 7 ቀን ይሰጣል። ውሃው በየቀኑ ይቀየር፤ ሌላ ውሃ አይኑር። ጓሮ ያለው ኩሬ ወይም የልብስ ማጠቢያ ፍሳሽ ካለ ዶሮዋ እሱን ጠጥታ መድኃኒቱን ትተወዋለች። ሌላም አለ። አምፕሮሊየም የሚሠራው ቫይታሚን ቢ1ን መስሎ ነው። ስለዚህ ሻጩ "ቫይታሚንም ጨምሩበት" ካላችሁ ቫይታሚኑን ሕክምናው እስኪያልቅ አቆዩት። እርጥቡን ሰጋቱራ ሙሉ በሙሉ ጠርጋችሁ ካላወጣችሁ ደግሞ በሁለት ሳምንት ተመልሳችሁ ትገዛላችሁ።

ቅማል፣ ቁንጫ፣ የእግር ቅርፊት

ቅማል ካለባት ደረቅ አፈርና የእንጨት አመድ በሰፊ ገበታ አድርጉላት፤ ራሷ ትታጠብበታለች። ከበዛ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ለዶሮ የተባለውን ዱቄት ግዙ። ለጤፍና ለጫት ማሳ የሚረጭ መድኃኒት በጥብጦ ዶሮ መንከር ሲደረግ አይቻለሁ። ቅማሉም ይሞታል፤ ዶሮዋም።

ሌሊት ሌሊት ብቻ ወጥቶ ደም የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት አለ። ቀን ዶሮዋ ላይ አታገኙትም። ማታ በባትሪ የቆጡን ስንጥቅ እዩ። ቀይ ነጠብጣብ ከተንቀሳቀሰ እሱ ነው። ሕክምናው ለቆጡ ነው። የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ አድርቁት፣ በሳምንቱ ድገሙት።

ፊቷ ላይ እንደ ጥቁር አሸዋ ለተጣበቀ ቁንጫ ቫዝሊን ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ፤ ትንፋሽ አጥቶ ይሞታል። ዐይኗ ውስጥ እንዳይገባ። ለሸከረ እግርም በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ ቫዝሊን፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለአንድ ወር። ላምባ አትቀቡ።

ፈንጣጣ

የጣና ዳር ትንኝ ያመጣዋል። ከክረምት መውጫ ጀምሮ አናቷና የዐይኗ ቆብ ላይ እንደ ኪንታሮት ያለ ጥቁር ቅርፊት ይወጣል። መድኃኒት የለውም፤ ግን አብዛኛው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ራሱ ይድናል። ቅርፊቱን አትላጡት። አዮዲን ንኩት። ዐይኗ ከተደፈነ በጨው ውሃ እያራሳችሁ ክፈቱላት፤ ዶሮ ማየት ካልቻለች አትበላም፤ የሚገድላት ረኃቡ ነው። ፈንጣጣው አፏ ውስጥ ከገባ ከባድ ነው፤ ለሐኪም ስጡት።

ሳልና ማስነጠስ

በሚያዝያ ሙቀት ክንፏን ዘርግታ አፏን ከፍታ የምታለከልክ ዶሮ አልታመመችም፤ ሙቋት ነው። ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ስጧት።

ማታ ቆጧ ላይ ሆና ስትተነፍስ "ክርር" የሚል ድምፅ ካለ፣ ዐይኗ አረፋ ካለው፣ ፊቷ አብጦ አፍንጫዋ ከሸተተ፣ ኦክሲ ወይም ታይሎሲን የሚባለው ሌላ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ያኔም ሐኪም ቢያዝዘው ይሻላል። ከታዘዘ ሙሉውን ቀን ጨርሱ። በመድኃኒቱ ላይ ያለችን ዶሮ እንቁላልም ሥጋም አትብሉ፤ ከጨረሰች በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ዕቃው ላይ ተጽፏል። ካልተጻፈበት አትግዙት።

ፈንግል፣ እና እጅ የምታነሱበት ጊዜ

ፈንግልን የማያውቅ ገበሬ የለም። ዝናቡ ሲጀምር፣ ወይም በዓል ደርሶ ዶሮ ከየገበያው ሲመላለስ ይገባል። አንዷ ትደብታለች፣ በማግስቱ ሦስት፣ በሳምንት ቆጡ ባዶ። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ማቃሰት፣ የወደቀ ክንፍ፣ ከሁሉም በላይ የተጠማዘዘ አንገት። ዶሮዋ ሰማይ ሰማይ ታያለች ወይም ወደ ኋላ ትዞራለች። ቫይረስ ነው። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ አረቄ፣ ሁሉም ይሞከራል። የሚያድን ግን የለም። አንዳንዷ ራሷ ትተርፋለች፤ ያኔ አረቄው ይመሰገናል።

እንዲህ ከሆነ የቤት ሕክምናውን አቁሙ፦ በሁለት ቀን ውስጥ ከአንድ በላይ ዶሮ ከሞተ፤ አንገት ከተጠማዘዘ፤ ወይም ፊት አብጦ የአናት ሥጋ ጠቁሮ ድንገት መሞት ከመጣ። ይሄ የመጨረሻው የወፍ ኢንፍሉዌንዛንም ያስጠረጥራል። ጣና ላይ የዱር ወፍ እንደ አሸዋ ነው፤ ከእነሱ ጋር በአንድ ዳርቻ ውሃ የሚጠጣ ዶሮ ያላችሁ ይሄን አስቡ። በባዶ እጅ አትንኩ። ለቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ።

ባሕር ዳር ላይ አንድ ዕድል አለን፤ የእንስሳት ጤና ምርመራ ላቦራቶሪ እዚሁ ከተማው አለ። የሞተችውን በሁለት ፌስታል ደራርባችሁ አስሩ፣ በበረዶ አቀዝቅዙ፣ በዚያው ቀን አድርሱ። ፍሪዘር ውስጥ አታስገቧት፤ ከረጋች ውስጧን መመርመር ያስቸግራል።

ሌሎቹን የሞቱትን ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ጣና ወይም ዓባይ ውስጥ መጣል ነውርም ጥፋትም ነው። የሐይቁ ዳር ሰፈሮች በክረምት አንድ ክንድ ስትቆፍሩ ውሃ ይወጣል፤ እዚያ ማቃጠሉ ይሻላል።

የሚከብደውን ላንሳው። "ሳትሞት እንረዳት" የሚባለውን። በጾም ከሆነ ደግሞ "ሳትሞት እንሽጣት"። ዶሮ ርካሽ አይደለችም፤ ገብቶኛል። እግሯ የተሰበረች ወይም ጭልፊት የቧጠጣት ጤነኛ ዶሮ ብትታረድ ችግር የለውም። የደበተች፣ ተቅማጥ የያዛት፣ መድኃኒት የጠጣች ዶሮ ግን ለወጥ አትሆንም። ስትታረድም ደሟና ላባዋ ግቢውን ይበክላል። ገበያ የወሰዳችኋት ደግሞ የሌላ ሰው ቆጥ ባዶ ታደርጋለች።

ክትባቱ

ለፈንግል ያለው መላ ይሄ ብቻ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል። ለጫጩት ኤችቢ1 የሚባለው፣ ከዚያ ላሶታ የሚባለው ክትባት ይሰጣል፤ ሁለቱም በቅዝቃዜ መቀመጥ ይፈልጋሉ። አይ2 የሚባለው ሙቀት የሚችል ነው፤ ለጓሮ ዶሮ የተመቸ ነው፤ በየአራት ወሩ ይደገማል። የ45 ቀን ዶሮ ስትገዙ የትኛው መቼ እንደተሰጠ ጠይቁና ጻፉት።

አንዱ ብልቃጥ የሚበቃው ለብዙ ዶሮ ነው፤ ከተከፈተም አያድርም። ስለዚህ ጎረቤት ሰብስቡ። እኛ አምስት ቤት ሆነን ቅዳሜ ጠዋት፣ ዶሮዎቹ ሳይፈቱ እናደርገዋለን። በመጠጥ ውሃ መስጠትም ይቻላል፤ ግን የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፣ ክትባቱን ይገድለዋል። የዐይን ጠብታ ይበልጣል። የታመመች ዶሮ አትከተብም፤ ካርቶኗ ውስጥ ትቆይ።

አንዱ ሰው ዶሮዋን በብብቱ ይያዝ። ጭንቅላቷን በጎን አዙሩ። አንድ ጠብታ፣ በአንድ ዐይን። ወዲያው አትልቀቋት፤ ራሷን ካራገፈች ጠብታው መሬት ላይ ነው። ጠብታው ዐይኗ ላይ ተዘርግቶ እስኪጠፋ፣ አንዴ ጨፍና እስክትገልጥ ጠብቁ። ከዚያ ልቀቋት።